ሁለት ወልደ ማርያም፤ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ

ሐሙስ፣ እንጦጦ

ለዚህ ጉዞ ያስነሣኝ የሠርግ ወሬ ነው። አሜሪካ የሚኖረው አጎቴ ሴት ልጁን ሊድር ሽር ጉድ ሲል፣ የንስሐ አባታቸው የሙሽራውን ስም ጠየቁ። ልጅቷም ወልደ ማርያም፣ ልጁም ወልደ ማርያም። «ዘራችሁን ቆጥራችሁ ኑ፤ ሰባት ቤት ሳይሞላማ አላጋባም» አሏቸው።

ጣጣው ዘሩ ቀድሞ ተቆጥሮ ማለቁ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች እዚያው ቨርጂኒያ ቤተ ክርስቲያን ተዋውቀው፣ በስማቸው ተሳስበው፣ «ለካ ዘመዳሞች ነን!» ተባብለው፣ ኮምፒውተር ላይ አንድ የጋራ የዘር ሐረግ ሠርተዋል። በሐረጉ መሠረት ሙሽራውና ሙሽሪት አንድ ቅድመ አያት አላቸው። ሰባት ቤት ቀርቶ አራትም አይሞላም።

አጎቴ አሜሪካ ሲገባ ፓስፖርቱ ላይ የነበረው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። ሦስተኛው የቤተሰብ ስም ተብሎ ተመዘገበና ለልጆቹ ተላለፈ። እኔ የወንድሙ ልጅ ነኝ፤ የኔ ሦስተኛ ስም ደግሞ የራሴ አያት፣ የወልደ ማርያም ልጅ ስም ነው። ስለዚህ ከአጎቴ ልጅ ጋር ሥጋና ደም ሆነን ወረቀት ላይ የሚያገናኘን አንዲት ስም የለችም። ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ግን ስሟ አንድ ሆነና ዘመድ ተደረገች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕጉ ወጣ፤ አገሬው በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ።

የአጎቴ ልጅ የላከችልኝን ሐረግ አሳትሜ ይዣለሁ። ፕሮግራሙ «ወልደ»ን ከ«ማርያም» ለይቶ፣ ወልደን የሰውዬው ስም፣ ማርያምን የቤተሰብ ስም አድርጎታል። ዳር ላይ «ዘመድ ሊሆኑ ይችላሉ» እያለ ገብረ ማርያምንም፣ ኃይለ ማርያምንም ደርድሯል። በዚህ ዓይነት ከአንኮበር እስከ አክሱም ዘመዴ ያልሆነ ክርስቲያን አይገኝም።

እንጦጦን ያስቀደምኩት ሐረጉ «ሰገሌ ጦርነት ላይ ወደቀ፣ እንጦጦ ማርያም ተቀበረ» ስለሚል ነው። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ ዳገቱን በሌላ ታክሲ። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናትና፣ ቅድመ አያታችንን እዚህ ለመቅበር የቸኮለው ሰው ለክብሩ አስቦ መሆን አለበት።

በዐጸዱ ያገኘኋቸው አረጋዊ ቄስ ወረቀቴን ለማየት እንኳ አልፈለጉም።

«ስማቸው ማን ነው?»

«ወልደ ማርያም።»

«የዓለም ስማቸው ነው የክርስትና ስማቸው?»

ይህንን ከቤታችን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ፍትሐት የሚደረሰው፣ ተዝካር የሚወጣው በክርስትና ስም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምታስታውሰው በዚያ ነው። ወልደ ማርያም ደግሞ ለሁለቱም የሚሆን ስም ነው። አንዱ እናቱ ያወጣችለት፣ ሌላው ካህን ያወጣለት ሊሆን ይችላል።

«ባለቤታቸውን ፈልጊ» አሉኝ ስንሰነባበት። «ወልደ ማርያም በዚህ ተራራ እንደ ባሕር ዛፉ ነው። በሚስቱ ካልሆነ በምን ትለይዋለሽ?»

ዓርብ፣ ሱሉልታ

በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለሱሉልታ ይመስለኛል። ከአዲሱ ገበያ ተሳፍሬ የእንጦጦን ጀርባ ስንወርድ ሜዳው በውርጭ ነጭ ነበር። ሯጮቹ ግን ቁምጣ ለብሰው ልምምድ ላይ ናቸው። አባቴ የተወለደበት ሰፈር የላም መስክ እንደነበር ይነገረኛል፤ አሁን ግንቡ ግንብ እየወለደ ነው። ከ2015 ወዲህም የሸገር ከተማ አካል ሆኗል።

እዚያ የቀረን ዘመድ የአባቴ የአጎት ልጅ፣ ጋሼ ነው። ከቡልጋ የመጣ ቅድመ አያት፣ ሰፊ ርስት፣ ከዚያ የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ። የቤታችን ታሪክ በሦስት ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ጋሼም ከዚያ አልጨመረልኝም። ስለ ሰገሌ ስጠይቀው «ያን ጊዜ ወንድ ሆኖ ያልሄደ ማን አለ?» አለና ወደ መቃብሩ መራኝ።

የቅድመ አያቴ፣ የወልደ ማርያም ሚስት፣ መቃብር ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ግንቡ ሥር ነው። ሲሚንቶው ተሰንጥቆ በስንጥቁ ሣር በቅሎበታል። ስሟን ለማንበብ ጋሼ የድንጋዩን ሽበት በጣቱ ፈቀፈቀው። በመጀመሪያ የዓለም ስሟ፣ ከሥሩ በ«አመተ» የሚጀምር የክርስትና ስሟ፣ ቀጥሎ በግዕዝ ቁጥር 1948። የባሏ ስም የለም። ከጎኗ ያሉት መቃብሮችም የአባቷና የወንድሞቿ ናቸው።

«እሱስ የት ነው?»

«እሱማ ታች አቃቂ ነው የቀረ ይባላል። የአክስትሽን ደጅ ብትረግጪ ይሻላል። እኔ የሰማሁት በጨዋታ ነው።»

ሐረጉ ላይ የቅድመ አያቴ ስፍራ ባዶ ሣጥን ነው። ከውስጡ «ያልታወቀች» ይላል። ስሟ ድንጋይ ላይ ተጽፎ አለ፤ ሱሉልታ ድረስ ሄዶ ያየ ሰው አልነበረም እንጂ።

ቅዳሜ

ቤት ዋልኩ። ማታ ከአጎቴ ልጅ ጋር በስልክ ስለ ቀኖቹ ተነጋገርን። ሐረጉ የወልደ ማርያምን ሞት ሁለት ቦታ ጽፎታል፤ አንዱ 1909 ሌላው 1916። የሰገሌ ጦርነት የተደረገው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው፤ 1916 የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። 1909ን እንዳለ የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ያስገባ ሰው ሰውዬውን በአፄ ምኒልክ ዘመን ገደለው፤ ንጉሥ ሚካኤል ከመዝመታቸው ሰባት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። አገር ቤት ከ2008 በፊት በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሠራ የልደትና የሞት ምዝገባ ስላልነበረ፣ የሁላችንም ቀን በቃል ይመጣል። በቃል የመጣ ቀን ውቅያኖስ ሲሻገር አንዴ ሳይቀየር፣ አንዴ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ይገባል።

ከዚህ የከፋም አለ። የወልደ ማርያም የመጨረሻ ልጅ አባቷ ከሞተ በኋላ የተወለደች ናት፤ ይህን ከቤታችን የማያውቅ የለም። ሐረጉ የተወለደችበትን ጥር 1911 ይላል። አባቷ ጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ ከወደቀ እርግዝናው ሃያ ሰባት ወር ሆነ። የአጎቴ ልጅ «እኔም እሱ ከንክኖኝ ነበር፤ አባዬ የልደቷ ዓመት ተሳስቶ ነው አለኝ» አለች። ይሁና። ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ጥር 1909 ተወልዳ ከሆነ ሰገሌ አይፈርስም።

እሑድ፣ ሰንዳፋ

ከመገናኛ ለገጣፎን፣ የለገዳዲን ግድብ አልፎ ሰንዳፋ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ማዘንበል ጀምሯል። የሙሽራው አባት በስልክ ያገናኘኝ የአጎቱ ልጅ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የቱለማ ኦሮሞ ሽማግሌ፣ ከቅዳሴ መልስ በራቸው ላይ ጠበቁኝ። እርጎ ቀረበ፤ እርጎው ሳያልቅ ስለ ጉዳይ ማውራት ነውር ነው።

ዘራቸውን እንዲቆጥሩልኝ ስለምናቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ከራሳቸው ጀምረው ወደ ላይ፣ አባት ለአባት፣ ሳይተነፍሱ ወጡ። ከአሥር ስም ያላነሰ ነው። እኛ ቤት ከቅድመ አያት በላይ ምንዥላት ጋ ስንደርስ እንተፋፈራለን። የሰማሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ስጨርስ ወረቀቱ ላይ ወልደ ማርያም የሚል የለም።

«ወልደ ማርያምስ?»

ሳቁ። «ሁለተኛው ነዋ! አያቴ። ቤቱ ያወጣለት ስም ያልኩሽ ነው። ወልደ ማርያም ክርስትና ሲነሣ ቄስ የሰጠው ነው። እኛ በዚያ አንጠራውም ነበር። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የገባው አጎቴ ሲመዘገብ ነው የቄሱ ስም የገባው። ጸሐፊው የኦሮሞውን ስም መጻፍ አልወደደም አሉ።»

ይህን በምሬት አልነገሩኝም፤ እኔ ግን እርጎው አልወርድ አለኝ። ባለስሙ ሰው ከአባቱ የወረሰው ስም እያለው፣ ልጁ መዝገብ ላይ በሌላ ስም እንዲጠራ ተደረገ። ዛሬ ያ ስም አሜሪካ ደርሶ የቤተሰብ ስም ሆኗል። ከዚያም በስሙ ሳቢያ ቡልጋ ድረስ ዘመድ ተፈለገለት።

«ሰገሌስ?»

«ሰገሌ የወደቀው እሱ ነው።» ነገሩን ልጆቻቸው በቃላቸው እንደሚያውቁት ያስታውቃል፤ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ከንፈሩን አብሮ ያንቀሳቅሳል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ከሥልጣን ወረዱ፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦራቸውን ይዘው ተነሡ። ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ አለቁ። ከዚያ የሸዋ ጦር በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ መሪነት ሰገሌ ላይ ገጠመና ንጉሡ ተማረኩ። ሰውዬው በፊታውራሪው ወገን ነበር። ሬሳው አልመጣም።

«ማስረጃ ትፈልጊያለሽ መቼም» አሉና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዱኝ። መሪጌታው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ገበታው በቆዳ የተለበጠ ተአምረ ማርያም አወጡ። ብራናው ዳርዳሩ በእጅ ወዝ ጠቁሯል፤ ሲገለጥ የዕጣንና የጭስ ሽታ አለው። የመጨረሻው ቅጠል ላይ፣ ከጽሑፉ በተለየ እጅ፣ መጽሐፉን ማን እንዳስገባ ተጽፏል። የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋልና «ወልደ» በጥቁር፣ «ማርያም» በቀይ ነው። መሪጌታ ግዕዙን እየተረጎሙ አነበቡልኝ። ለባሏ ነፍስ መታሰቢያ ያስገባችው ሚስቱ ናት፤ ስሟ በ«ወለተ» ይጀምራል፤ ዓመቱ 1910።

የሱሉልታዋ በ«አመተ» የሚጀምር ስም ያላት። የሰንዳፋዋ በ«ወለተ»። በ1910 የሰንዳፋው ወልደ ማርያም ሞቶ ተዝካሩ ወጥቷል።

አንድ ሰው ሁለት ሚስት ሊኖረው ይችላል የሚል እንዳለ ዐውቃለሁ፤ አጎቴ እንደሚል ደግሞ ከማንም በላይ ዐውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ አቃቂ

ሰኞ ሥራ ነበር። ዛሬ ከሳሪስ በቃሊቲ አድርጌ አቃቂ ገባሁ። አሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድ በየቦታው ሣር ውጦታል፤ ልጆች ፍየል ያስሩበታል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ደረሰ። አቃቂ ያኔ ከዋና ከተማዋ በፊት ያለ ጣቢያ ነው።

አክስቴ የዚያች አባቷ ከሞተ በኋላ የተወለደችው ልጅ፣ ልጅ ናት። ዐይኗ ደክሟል፤ ቡናውን የምትቆላው ግን ራሷ ናት፣ በድምፁ። ሲንጣጣ ታዳምጥና «ደረሰ» ትላለች። ሐረጉን አነበብኩላት። ሰገሌ ስደርስ መቁያውን አስቀመጠች።

«ማ? አያቴ? ሰገሌ ምን ሊያደርግ? የምድር ባቡር ሐዲድ ጠባቂ ነበር እንጂ! ነፍጥም አልያዘ። እናቴ በሆድ ሳለች በኅዳር በሽታ ነው የሞተው። ማን እንደቀበረው እንኳ አይታወቅም፤ ቤቱ ሁሉ ታሞ።»

የኅዳር በሽታ ኅዳር 1911 ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን የምናጥነው የዚያን ጊዜ መታሰቢያ ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው የተረፉት ያኔ ነው።

«ግን አክስቴ፣ እናትሽ መቼ እንደተወለደች ርግጠኛ ነሽ? 1909 ሊሆን አይችልም?»

«ዓመቱን በቁጥር አላውቅልሽም። የተወለደችው አስተርዮ ማርያም ዕለት ነው፤ በየዓመቱ ጠላ እንጠምቅላት የለ? ሰማንያ ቀኗ ደግሞ ሕማማት ላይ ዋለ። ካህናቱ በሕማማት አናጠምቅም ብለው ከፋሲካ ወዲያ ነው ክርስትና የተነሣችው። አያቴ ይህን ስታወራ ታለቅስ ነበር፤ ልጄ ሳትጠመቅ ትሞትብኛለች ብላ፣ ያን ሁሉ ሬሳ አይታ።»

ወጥቼ ለሰንዳፋው መሪጌታ ደወልኩ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ አስተርዮ ጥር 21 ነው፤ ከዚያ ሰማንያ ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 10 ወይም 11 ይውላል፤ ይህ ቀን ሕማማት ውስጥ የሚገባው በየትኛው ዓመት ነው? ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ በባሕረ ሐሳብ አስልተው ደወሉ። በ1909 ፋሲካ ሚያዝያ 7 ነበር፤ ሰማንያ ቀኗ ከበዓሉ በኋላ ይውላል፤ ለማጥመቅ የሚከለክል የለም። በ1910 ሚያዝያ 27፤ ሕማማቱ ገና ነው። በ1912 ሚያዝያ 3፤ አልፏል። በ1911 ግን ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። ስቅለት ሚያዝያ 10፣ ቅዳም ሥዑር 11። ልክ እላዩ ላይ።

ጽሕፈት የማታውቅ ሴት ስለ ልጇ የፈራችውን ፍርሃት ለልጅ ልጇ ነግራ፣ ኮምፒውተሩ ያበላሸውን ዓመት አስተካከለችው። የቅድመ አያቴ ባል በ1911 ኅዳር በሽታ ሞተ፤ የሰንዳፋዋ ሴት ባል ከዚያ በፊት ሞቶ መጽሐፍ ተሰጥቶለት ነበር። ሁለት ሰው ናቸው።

አክስቴ ሌላም ነገር ጨመረች። ባሏ ሲሞት ቅድመ አያቴ ልጆቿን ይዛ ሱሉልታ የወጣችው ወደ አባቷ ርስት ነው። እዚያ ያለው መሬት የሷ ድርሻ እንጂ የወልደ ማርያም አልነበረም። እሱ ከቡልጋ ሥራ ፍለጋ የመጣ፣ ምድር የሌለው ሰው ነው። ስለዚህ ጋሼ «የወልደ ማርያም ርስት» እያለ ሲጠራው የኖረው መሬት የ«ያልታወቀች»ዋ ሆነ። ለዚህ ነው መቃብሯ በአባቷና በወንድሞቿ መካከል ያለው። ይህን ለጋሼ ማን እንደሚነግረው አላውቅም፤ እኔ ግን አይደለሁም።

ረቡዕ

ለአጎቴ ደወልኩ። እንደጠበቅሁት «ሁለት ሚስት ቢኖረውስ?» አለ። ስለ ባሕረ ሐሳቡ ነገርኩት። «ዲያቆን ሆኜ ተምሬዋለሁ» አለና ራሱ ሲያሰላ በስልክ ሰማሁት፤ መጥቅዕ፣ አበቅቴ እያለ። አስልቶ ሲጨርስ ተበሳጨ። አርባ ዓመት ሙሉ በየድግሱ ሰገሌን ሲተርክ ኖሯል፤ አሁን አያቱ ሐዲድ ጠባቂ ሆኑበት። እንደኔ ከሆነ ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ እዚያ የነበረ ሰው የሚያኮራ ነው። ለእሱ ግን ነፍጥ ያልያዘ ቅድመ አያት ቅድመ አያት አይደለም።

የአጎቴ ልጅ ሁለቱን ሰዎች ስትለያይ አመሸች። አንዱን ወልደ ማርያም ከአንዱ ስትነቅል በስሕተት የተያያዙት ሰዎች ሁሉ አብረው ይነቀላሉ፤ የየአንዳንዱን እናት እየጠየቀች መመለስ አለባት። ለሰንዳፋው ሰው በመጀመሪያው መስመር ቤቱ ያወጣለትን ስም፣ በቅንፍ የክርስትናውን አስገባችለት። የኛው ወልደ ማርያም እናት ማን እንደሆነች የሚያውቅ አልተገኘም። ለዚህ ቡልጋ መውረድ ያስፈልጋል፤ ከገና በኋላ እንጂ አሁን ጭቃው አልደረቀም።

የንስሐ አባቱ የመቃብሩን ፎቶና የብራናውን ቅጠል አይተው ፈቀዱ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። አጎቴ ሌሊት መልሶ ደወለ፤ ድምፁ ተለውጧል። የሰንዳፋው ሽማግሌ ከሙሽራው ወገን ቀንደኛ ሆነው እንዲመጡ ጉዞውን እሱ ይከፍላል፤ ሰገሌንም በሠርጉ ላይ እሳቸው ይተርኩታል።

«ደግሞስ» አለኝ፣ «የልጅ ልጆቼ የማን ልጆች ሊሆኑ ነው? ሰገሌ በአማች በኩል ቤቴ ገባ ማለት ነው። ይሄን እዚያ ሐረጉ ላይ አስገቢልኝ።»